አሜን የጎደለው ምርቃት

ቅዳሜ ማለዳ ከኮልፌ ስንነሳ ጎረቤታችን እትዬ ወይንሸት በራቸው ላይ ቆመው «ኳታር ስትገባ እንዳትረሳን» አሉኝ። እኔ የምሄደው ወደ እምድብር፣ ወላጆቼ ዘንድ ነው። ሻንጣዬም ውስጥ ያለው ለአባቴ ጋቢ፣ ለእናቴ ስኳርና ዘይት ብቻ ነው። ይህን ብነግራቸውም ሳቁብኝ። ሰፈሩ ቪዛዬን መትቶ ጨርሷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ የኩላሊት እጥበት ማሽን መጠገን ነው። በዚህ ሙያ ከሁለት አገር ጥሪ መጣልኝ። ኳታር ያለው ሆስፒታል ደመወዙ ዳጎስ ያለ ነው፣ መኖሪያም ይሰጣል፤ ግን ቤተሰብ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ እረፍቱም በዓመት አንዴ ነው። ኪጋሊ ያለው የዚያን ግማሽ እንኳ አይከፍልም፤ ባለቤቴን አስቴርንና ሁለቱን ልጆቻችንን ግን ይዤ እንድመጣ ይፈቅዳል። ሁለቱም በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ይጠብቃሉ።

የኳታሩ ቀድሞ ስለመጣ የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት ጾመበት። በእሑዱ ጉባኤም መሪያችን «ለወንድማችን ለተክሌ በር ተከፍቶለታል» ብለው መሰከሩ፤ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። የኪጋሊው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እልል የተባለበትን ነገር በየት በኩል ይመልሱታል? የኪጋሊውን ከአስቴር በቀር ለማንም አልነገርኩም።

አስቴርን ምን ትያለሽ ብላት «አንተ እንዳልክ» ነው መልሷ። አየር ጤና ላይ የልጆች ልብስ መሸጫ ሱቅ አላት፤ ከባዶ ተነስታ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ጭምር ቆማ ያቋቋመችው። ኪጋሊ ማለት ያን ሱቅ መዝጋት ነው። ስለዚህ «አንተ እንዳልክ» ማለቷን ኳታር ሂድ እንደማለት ወሰድኩት። በእኛ ቤት ደግሞ ያለ አባት ምርቃት ባሕር አይሻገሩም። ለሰው ምክር ልጠይቅ ነው የምሄደው እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የምሄደው የወሰንኩትን ለማስመረቅ ነበር።

ከአየር ጤና እስከ ወሊሶ

አየር ጤና ገና በማለዳው ይጯጯኻል። «ወልቂጤ! ወልቂጤ ሁለት ሰው!» ይላል ረዳቱ፤ ገብተን ስናይ መኪናው ገና ግማሹ ባዶ ነው። አስቴር የተዘጋውን ሱቋን በመስኮት እያየች ተቀመጠች። ትልቋ ቤተል መሃላችን ገባች፤ ትንሹ ናቲ ጭኔ ላይ ሆኖ ሰበታ ሳንደርስ ለሃጩን አዝረክርኮብኝ ተኛ።

ከሰበታ በኋላ የበቾ ሜዳ ተዘረጋ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ ሽምብራ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቱሉ ቦሎ ላይ መንገዱ ስለሚጠገን ወደ አቧራው ወረድን፤ ሰው ሁሉ በነጠላና በመሐረብ አፍንጫውን ሸፈነ። ቤተል በዚያ መሃል «ኳታር ከእምድብር ይርቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። በጣም ይርቃል አልኳት። «በመኪና አይኬድም?» አይኬድም። እናቷ አንገቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም፤ መንገዱ እያንገላታት ነው ብዬ አለፍኩት።

ወሊሶ ላይ ቁርስ ቤት ገብተን ጨጨብሳ በማር አዘዝን። ቅቤው አልተሰሰተም፣ ማሩ ግን ስኳር ስኳር ይላል። የቁርስ ቤቱ ባለቤት ልጆቹንና ሻንጣውን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ለቅሶ ነው ወይ አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ጉራጌ ከመስቀል ውጪ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አገሩ ከወረደ ወይ ሞት ወይ ሠርግ ነው። ሁለቱም አይደለም፣ ምርቃት ነው አልኳት። አስቴርን ትክ ብላ አይታ፣ ያላዘዝነውን እርጎ ለልጆቹ አመጣች፤ ሒሳብም አልተቀበለችበትም።

ጀፎረው

ከወሊሶ ወዲያ እንሰት ይጀምራል፤ ለእኔ አገር የሚባለው እዚያ ነው። ወልቂጤ ላይ ሌላ ሚኒባስ ያዝን፣ ከእምድብር ደግሞ ባጃጅ። የመንደራችን ጀፎረ፣ በሁለት ወገን ቤቶቹን ያሰለፈው ሰፊ የሣር ጎዳና፣ በዚያ በጋ እንኳ ለምለም ነበር። ባጃጁን ያየ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል እየሮጠች መጥታ የልጆቹን ፊት ዳሰሰች። «ማን ሞተ?»

ማንም እንዳልሞተ ለማሳመን ጊዜ ፈጀብኝ። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ፤ ገና ስንጎርስ እናቴ ናቲን ነጥቃን ወደ ጓሮ ወሰደችው። አንዲት ቀይ ጊደር አለች፤ አምና ጥጃ ሳለች ለናቲ ብላ የሰጠችው። «መስቀል ስትመጣ ወልዳ ታገኛታለህ፤ ወተቷን ትጠጣለህ» ስትለው ከደጅ ይሰማኛል። ናቲ የጊደሯን ጆሮ ይዞ አልለቅም አለ፤ እናቴም ይህን ለጎረቤት ሁሉ ጠርታ አሳየች።

ማታ የኳታሩን ነገር ለአባቴ ነገርኳቸው። የኪጋሊውን አላነሳሁም፤ ላልሄድበት አገር ሽማግሌ ለምን ላድክም ብዬ። አባቴ ብዙ አልጠየቁም። የጠየቀችው እናቴ ናት፤ ልጆቹ ይቀራሉ ወይ አለች። ይቀራሉ አልኳት። ያን ጊዜ ትከሻዋ ሲወርድ፣ ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

ምርቃቱ

በማግስቱ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ እኔ ከእግራቸው ሥር ተንበረከክሁ፤ አስቴር ከልጆቹ ጋር ከኋላዬ። አባቴ ተነስተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ጉራግኛ ለለመደ አፋቸው አማርኛ ቢከብድም፣ አስቴር የከምባታ ልጅ ናትና እንድትሰማው ብለው በአማርኛ ጀመሩ።

ጤና ይስጥህ አሉ፤ አሜን አልን። የሰው ፍቅር ይስጥህ፤ አሜን። በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስህ፤ አሜን። የተውከውን ቤት ይጠብቅልህ አሉና ቆሙ። ቤቱ አሜን ብሎ ነበር፤ እኔም ብያለሁ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን እንደዘረጉ አልቀጠሉም።

«አንድ አሜን ጎደለኝ» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ እኛ ሁላችን ብለናል አሉ፤ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመርቁ ስለኖሩ ጆሯቸው አይሸወድም። ማን እንደሆነ እኔም ገባኝ፤ ዞር ብዬ ለማየት ግን አፈርኩ። አንድ መንደር ሰው ፊት!

አባቴ ወደ እሷ ሳያዩ በቀስታ ተናገሩ። «አስቴር ልጄ፣ ምርቃት እኔ ብቻዬን የምጨርሰው አይደለም። ያልሆነልሽን አሜን በይ አልልሽም። ብቻ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ» አለች። «አባቴ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ እንዲሁ ተመርቆ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ብር ላከ፣ ቤት ሠራልን፣ ምንም አላጎደለብንም። ሲመለስ ኤርፖርት ሄደን ስንቀበለው ታናሽ እህቴን አስቴር ብሎ አቀፋት።»

ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ቤተሰቧ በተሰበሰበ ቁጥር ይነሳል፤ እሷም ከሁሉ ቀድማ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

«ታዲያ ኪጋሊ አብረሽኝ ትሄጂ ነበር?» አልኳት።

«መች ጠየቅኸኝ? ኳታር ልሄድ ነው፣ ምን ትያለሽ ነው ያልከኝ።»

አባቴ ኪጋሊ የሚባለውን ያን ጊዜ ሰሙ። ተንበርክኬ እንዳለሁ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ደመወዙን፣ ልጆቹን፣ ጉባኤ ላይ የተመሰከረውን ሳይቀር። ስጨርስ እናቴ ከምሰሶው ሥር «ልጆቹን ይዛችሁ?» አለች። መልስም ሳትጠብቅ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

አባቴ ምርቃቱን አልቀጠሉም። ቁጣም አልነበራቸውም። «ይህን ቤታችሁ ሄዳችሁ ሁለታችሁ ጨርሱት። ስትጨርሱ በስልክ ንገሩኝ» አሉ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በጉራግኛ ምርቃቱ ለሌላ ቀን እንደተቀጠረ ነገሯቸው፤ እነሱም ደንብ ነው ብለው ተነሱ። ስንሰናበት እናቴ ልጆቹን አገላብጣ ሳመች፤ እኔን ግን ጉንጬን ብቻ ነካ አድርጋ ለቀቀችኝ።

መልስ

በመመለሻው መንገድ ልጆቹ ተኝተውልን እስከ ቱሉ ቦሎ አወራን። በትዳራችን ያን ያህል ረጅም ወሬ መቼ እንዳወራን አላስታውስም። ሱቁስ አልኳት። «አለቅስለታለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አለች። ኪጋሊ ላይ ምን እንደምትሠራ እንደማታውቅ፣ ያም እንደሚያስፈራት፣ ልጆቹን ቋንቋው እንደሚከብዳቸው ሁሉንም ነገረችኝ። ሁሉንም ከእኔ ቀድማ አስባበት ኖሯል። እኔ ደግሞ ኳታር ብሄድ ለወላጆቼ ላሠራው ያሰብኩትን የቆርቆሮ ቤት ነገርኳት፤ ከንፈሯን መጠጠች።

አየር ጤና ስንወርድ ሻንጣውን ይዘህ ቁም ብላኝ ሱቋን ከፈተች። ምንም አላነሳችም፤ የተሰቀሉትን ትንንሽ ልብሶች በእጇ ነካ ነካ አድርጋ መልሳ ቆለፈች። ሰኞ ጠዋት ለኳታሮቹ አልመጣም አልኳቸው። የኅብረታችን መሪ ጋ እየፈራሁ ነበር የሄድኩት፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ የምስክርነቱን ነገር ለእኔ ተወው፣ አንተ ልጆችህን ያዝ አሉኝ። የቀሩት እትዬ ወይንሸት ናቸው፤ ኪጋሊ የት እንደሆነች እስካሁን እያስረዳኋቸው ነው።

ሰኞ ማታ አባቴ ጋ ደወልን። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን አራታችንም ከበብነው። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ምርቃት ከቤተሰብ ጋር የመከሩበት ነገር ላይ የሚመጣ እንጂ ምክሩን የሚተካ አለመሆኑን ነው። ለዚህ እምድብር ድረስ መሄድ አልነበረብኝም፤ የአንድ ክፍል ስፋት ነበር መንገዱ።

አባቴ ከጀመሩበት ሳይሆን እንደ አዲስ መረቁን። ጤና አሉ፤ አሜን። ፍቅር አሉ፤ አሜን። «ከነልጆቻችሁ ይውሰዳችሁ» አሉ፤ አስቴር ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ አሜን አለች። ከስልኩ ወዲያ ግን አሜን የሚል አልተሰማም።

«አንድ አሜን ጎደለኝ» አሉ አባቴ። ለእኛ አልነበረም የሚናገሩት።

ስልኩ ውስጥ የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። በመጨረሻ «መስቀል ትመጣላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

ልዋሻት እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። «የሚመጣው መስቀል አይሆንልንም እማዬ» አልኳት።

ናቲ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጊደሬስ አለ።

«አሜን» አለች እናቴ። «ጊደሯን አልሸጣትም።»