በምሰሶ ጉድጓድ የበቀሉ ዛፎች

ትናንት አመሻሹ ላይ የእህቴ ልጅ ሊዲያ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሳ ከሥራ ገባች። ቦሌ ቢሮ ያለው አንድ የኃይል ኩባንያ ከቀጠራት ገና ዓመት አልሞላትም፤ የምትኖረው እኔ ዘንድ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ኩባንያዋ የፀሐይ ኃይል ማመንጫውን ለማስፋፋት ብዙ ገንዘብ መድቧል፤ ከዚያ በፊት ግን ሠራተኛው በሙሉ ወጥቶ ችግኝ ይተክላል።

«ጋሼ፣ ቦት ጫማህን ታውሰኛለህ?»

«አይሰፋሽም?»

«ሁለት ካልሲ አደርጋለሁ። ደግሞ መቆፈር የለብንም፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነው የሚጠብቀን።»

የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት። «ማን ነው የቆፈረው?»

«እኔ ምን አውቄ። የሆነ ሰው ነዋ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። አንድ ክረምት ላይ ያ «የሆነ ሰው» እኔ ነበርኩ።

ያኔ ከነቀምት መጥቼ፣ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ቢሮ የነበረው ሌላ የፀሐይ ኃይል ኩባንያ ገና ቀጥሮኝ ነበር። ከአያት ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ ጀምሯል። አጠገቡ ያለው ሜዳ ለማስፋፊያው የተተወ ሲሆን የመሬቱን ሥራ የሰጡት ለእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ሩዋንዳ ፉሌን በልቼ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሬ፣ የቀረውን ጭቃ በእግሬ እወጣዋለሁ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ ሜዳውን ሳየው ገና ያልቆሙት ፓነሎች ይታዩኝ ነበር።

ከሜዳው ማዶ ጋሽ ከማል የሚባሉ የስልጤ ሰው ወፍጮ ቤት ነበራቸው። የመንደሩ መብራት አምፖል ከማብራት አልፎ ወፍጮ የማዞር አቅም ስላልነበረው የሚፈጩት በናፍጣ ነው። ጭሱ ደረታቸውን ጎድቶታል። ኩባንያው ማስፋፊያው ሲያልቅ ለመንደሩ ጠንካራ መስመር እንደሚዘረጋ ቃል ገብቶላቸው ነበርና ባለፍኩ ቁጥር ያስቆሙኛል። ሚስታቸው ቆጮና ጎመን ያቀርቡልኛል።

«ኢንጂነር፣ መብራቱ መቼ ነው?» ይሉኛል እያሳሉ። «ሐኪሙ ከጭሱ ራቅ ይለኛል። ከወፍጮዬ ርቄ ምን ልበላ?»

«ክረምቱ ይውጣ እንጂ ጋሽ ከማል፣ ጉድጓዱ አልቋል» እላቸዋለሁ።

እውነትም አልቆ ነበር። ለፓነሎቹ ምሰሶ የሚሆነውን ጉድጓድ በገመድ አስለክቼ፣ በመስመር በመስመር አስቆፍሬ ጨረስኩ። ሲሚንቶ ልናፈስበት ስንል ዝናቡ ጀመረና ሥራው ለጊዜው ቆመ።

አንድ ቅዳሜ ከውጭ የመጣ ዕቃ እንድረከብ ኤርፖርት ተላክኩ። ስመለስ አያት ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ፣ እየጋጥኩ ኮረብታውን ወጣሁ። ሜዳው ዳር አውቶቡሶች ቆመዋል። የቢሮ ሰዎች ቲሸርት ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። ቀና ብዬ ሳይ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ችግኝ ቆሟል። በቆሎው እጄ ላይ ቀረ።

የቢሮ ሰው ችግኝ ሲተክል ጉድጓድ አይቆፍርም። ቀድሞ የሚቆፍርለት ሌላ ነው፤ እሱ አውርዶ፣ አፈር መልሶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ልማዱ ይኸው ስለሆነ ጉድጓድ ተሰልፎ ሲያይ ለምን እንደተቆፈረ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሰብለ ነጭ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ በደስታ ተቀበሉኝ።

«የት ጠፋህ? ጉድጓዱን እንዴት አሳምረህ አስቆፍረኸዋል! ትንሽ ጠልቋል እንጂ።»

«ለምሰሶ ነው የተቆፈረው።»

«የቱ?»

«ሁሉም!»

ሜዳውን አዩ። ካሜራ የያዘውን ልጅ አዩ። በታሸገ ውሃ እጃቸውን የሚታጠቡትን የክብር እንግዳ አዩ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው «ቀስ ብለህ ተናገር» አሉኝ።

ሰኞ ቢሯቸው ገብቼ ችግኙን እናንሳው አልኩ። «አብደሃል? የፀሐይ ኩባንያ ችግኝ ነቀለ ይባል?» አሉኝ። ስብሰባ ተጠራ። አንዱ የክብር እንግዳው ችግኝ ብቻ ይቅርና ሌላው ይነሳ አለ፤ እሱ ደግሞ የስም ሰሌዳ ተተክሎለት መሃል ሜዳ ላይ ነው። ሌላው በሚቀጥለው ክረምት እናዛውረው አለ። ክረምቱ መጣ፣ ሌላ ስብሰባ መጣ። የትም የተተከለ ችግኝ ጥቅምት ሳይጠባ ሲደርቅ አይቻለሁ፤ እኔ ባስቆፈርኩት ጉድጓድ የገባው ግን አንዱ እንኳ አልሞት አለ! ገንዘብ ሰጪዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ገንዘቡን ወደ ሌላ አገር አዞሩት። ማስፋፊያው በዚያው ቀረ።

እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። ጋሽ ከማል ደረታቸው እምቢ እስኪል በናፍጣ ፈጩና ወፍጮ ቤቱን ዘጉት። አምና በዚያ ሳልፍ ዛፎቹ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዛፎቹ ሰማይ ነክተዋል፤ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱባቸው ይመጣሉ አሉ።

«ጥላው ጥሩ ነው፣ ኢንጂነር» አሉኝ፣ ሳሉ ጋብ ሲልላቸው። ከልባቸው ነው ያሉት። እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ዛፍ ላይ እንዴት ይፈረዳል? ክፉ ሰው እንኳ የለበትም። ሁሉም ደግ ነገር ሊሠራ ወጥቶ፣ ደግ ነገር ሠርቶ፣ የሰውየው ደረት ግን ያው በጭስ ተቃጠለ።

ይህን ሁሉ ለሊዲያ ነገርኳትና ጉድጓዱ ለምን እንደተቆፈረ አለቃዋ ጋ ደውላ እንድትጠይቅ ለመንኳት። የአለቃዋ ድምፅ ከስልኩ ጎልቶ ይሰማኝ ነበር፦ «ተቆፍሯል አልኩሽ እኮ! አንቺ ቲሸርትሽን ለብሰሽ ነይ ብቻ።»

ዛሬ ጠዋት ቦቴን አጥልቃ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ የችግኝ ጉድጓድ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?»

«እግርሽን አስገቢ። ከጉልበትሽ በታች ከቀረ ትከዪ።»

«ካለፈስ?»

«ካለፈ ጩኺ።»

እኩለ ቀን ሳይሆን ደወለች። ከጀርባዋ የድምፅ ማጉያና ጭብጨባ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አስገብቼ አየሁት። ጉልበቴን አልፏል።»

እኔን ያኔ ቀስ ብለህ ተናገር ብለውኝ ነበር። «ጩኺ!» አልኳት።

ስልኩን ሳትዘጋ ስትጮህ ሰማኋት። ጭብጨባው ድምጿን ዋጠው። እንደገና ጮኸች።