ኢየሩ ልጆቿን ለፎቶ ስታዘጋጅ

ኢየሩ ከልጅነቷ የቀራት ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እህቶቿ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተጎንጉነው፣ ጥርት ብለው ይታያሉ። መሃላቸው ግን አንገት ላይ የተቀመጠ ጭጋግ የሚመስል ነገር አለ። እሱ ኢየሩ ናት። ፎቶ አንሺው ሲያነሳ ዝንብ አይታ ዞር ብላ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልበሙ ይገለጥና «ይቺኛዋስ ማን ናት?» ይባላል። ያን ሁሉ ጊዜ «እኔ ነኝ» ስትል ኖራለች።

ስለዚህ አድጋ፣ ሽሮ ሜዳ የልጆች የሀገር ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ከፍታ፣ ከቶለሳ ሦስት ልጆች ስትወልድ አንድ ነገር ወሰነች። የሷ ልጆች ስቱዲዮ ገብተው ሲነሱ ማንም አይንቀሳቀስም።

ልምምዱ ቁስቋም ባለው ቤታቸው ተጀመረ። ኢየሩ የጫማ ካርቶን በስታ መጥረጊያ እንጨት ላይ አሰረችና ባሏን ከኋላው አቆመችው። ቶለሳ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ የሚያፈላ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቁም ሲሉት ይቆማል። የስድስት ዓመቱ ኖህ፣ ታናሹ ርሆቦትና ገና አፉን ያልፈታው ኦልያድ ዱካ ዱካቸው ላይ ተደረደሩ። ሕጉ ቀላል ነበር። «ፎቶ» ሲባል መድረቅ፣ «በቃ» ሲባል መለቀቅ።

«መተንፈስስ?» አለ ኖህ።

«ተንፍስ። ግን እንዳይታወቅብህ።»

ከቀናት በኋላ የድስት ክዳን ከኋላቸው ቢወድቅም ዞር የሚል ጠፋ። ኢየሩ ይህም አልበቃትም፤ የጎረቤት ዶሮ አምጥታ ለቀቀችባቸው። ዶሮዋ ኦልያድ ጭን ላይ ወጥታ ብስኩቱን ከእጁ ለቅማ ጨረሰች። ልጁ ፍንክች አላለም፤ እንባው ብቻ በጉንጩ ወረደ።

ችግሩ ቶለሳም አብሮ መሠልጠኑ ነበር። ሥራ ቦታ ጎብኚዎች ስልካቸውን ሰጥተው «እባክህ ፎቶ አንሳን» ቢሉት፣ ስልኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ባልደረቦቹ ፀሐይ መትቶታል ብለው ተሸክመው ጥላ ውስጥ አስገቡት።

«ነገሩን ብንተወውስ?» አላት ማታ።

«ነገ እኮ ነው» አለችው።

በማግስቱ ኢየሩ ሦስቱንም አለባብሳ፣ ፊታቸውን ቫዝሊን ቀብታ ይዛቸው ሄደች። ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ «ለፎቶ ነው?» ስትል፣ ሦስቱም ደፉ ላይ ደረቁ። ኦልያድ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤ እንዳነሳው ቀረ። ከኋላቸው ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ደረጃው ላይ ተደረደሩ። ኢየሩ ጎንበስ ብላ «በቃ» ስትል መንገዱ ተከፈተ።

ፎቶ አንሺው ስብሐት የሚባል ፈጣን ወጣት ነው። ልጆቹን ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት አስቀመጣቸው። ኢየሩ «ፎቶ» አለች፤ ደረቁ።

ስብሐት ተገረመ። «እንዲህ ዓይነት ልጆች አይቼ አላውቅም። በቃ፣ ሐውልት ናቸው።»

ኖህ መጋረጃው ውስጥ ገባ። ርሆቦት የፕላስቲክ አበባውን ይዞ ሮጠ። ኦልያድን የሙሽራዋ ቬሎ ሥር አገኙት።

እንደገና ተሰበሰቡ። «በቃ፣ ወደዚህ እዩ» አለ ስብሐት። እንደገና ተበተኑ።

ኢየሩ ወደ ጥግ ወሰደችው። «ወንድሜ፣ እባክህ በቃ አትበል።»

«እኔ? መቼ አልኩ?»

«አሁንም አሁንም ትላለህ። እነሱ ሲሰሙ ይለቀቃሉ።»

ስብሐት ነገሩን ካሰበበት በኋላ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ በቃ፣ አልልም።»

ሙሽራው ሳይቀር ልጆቹን መልቀም ያዘ።

በመጨረሻ ዘዴውን ያመጣው ራሱ ስብሐት ነው። ከሃይላንድ ፕላስቲክ ውኃ ተጎነጨና ሳይውጥ ጉንጩን ነፍቶ ካሜራው ኋላ ቆመ። በእጁ ሳቁ፣ ሳቁ ቢል ማንም አልሳቀም። አነሳ። ከዚያ መስኮት ከፍቶ ውኃውን ተፋ።

ፎቶው ሲታጠብ ሦስቱም ልጆች ቅንድባቸው ሳይቀር ይቆጠር ነበር። ኢየሩ ደስ አላት፤ ግን ባየችው ቁጥር የሆነ ነገር ቅር ይላት ጀመር። ቶለሳ ፎቶውን ራቅ ቀረብ አድርጎ ሲያይ ቆየና «ያምራሉ። የማን ልጆች ናቸው?» አላት። ለሦስት ቀን አላናገረችውም።

ስብሐት ግን አንዱን አተልቆ መስታወቱ ላይ ሰቀለው። አንድ ነጋዴ ገብቶ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹን ከየት እንዳስመጣቸው ጠየቀ። ወሬው ሽሮ ሜዳን አዳረሰ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ኢየሩ ሱቅ ይመጡ ጀመር። «ብቻ አንቺ እንዳረግሽው አድርጊልኝ» ይሏታል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌቱን ትታ የሰው ልጅ ታደርቃለች።

ባለፈው ደግሞ ጋሽ ኡርጌሳ መጡ። የባንክ ዘበኛ ናቸው፤ ለመታወቂያ በተነሱ ቁጥር ዓይናቸው ተከድኖ ይወጣል።

«ልጄ፣ እኔንም ለማጅኝ» አሏት።

ዱካው ላይ አስቀመጠቻቸው። «ጋሼ፣ የፈለገው ቢመጣ እንዳይከድኑ።» ጋሽ ኡርጌሳ ዓይናቸውን አፍጥጠው ግድግዳውን ያዩ ጀመር። ኢየሩ ዚፕ ልትቀይር ዘወር ብላ ስትመለስ እንዳፈጠጡ ናቸው። «ጎበዝ» አለቻቸው፤ አልመለሱም። ጠጋ ስትል ያንኮራፋሉ።

ልጆቹን ሊያደርስ የመጣው ቶለሳ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። «ለዘበኛ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?» አለ።

ኢየሩ ትቀስቅሳቸው ወይስ ተሳካልኝ ብላ ትቁጠረው አላወቀችም። አንድ ጋቢ ከመደርደሪያ አውርዳ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና፣ ውጭ የሚጠብቁትን እናት ልጃቸውን ይዘው ቀስ ብለው እንዲገቡ በእጇ ጠራች።