ግድግዳውም ያፏጫል

ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ስኳር ተጨምሮበት ተመልሷል። እንዲህ ይላል፦ የከባድ መኪና ጎማ አጠገቡ ሲፈነዳ የመካኒኩ ጆሮ ተከፈተለት። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሞተር ሦስት መንገድ አቋርጦ ይሰማዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ቢቆምም ይሰማዋል። ገና ከፋብሪካ ያልወጣ መኪና ወደፊት በምን እንደሚሞት ያውቃል የሚሉም አልጠፉም።

ማመን ግን ያስቸግራል። በጎማ ፍንዳታ ጆሮ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ጎማ የሚጠግን ሁሉ ነቢይ በሆነ ነበር። የሰፈሩ ጎሚስታ ግን ሚስቱ «ምሳ ቀርቧል» ስትለው ከመንገዱ ጫፍ ይሰማል፤ «ውሃ ቅዳልኝ» ስትለው አጠገቧ ተቀምጦም አይሰማም። ይባስ ብሎ ወሬውን ያስነሳው እሱ ራሱ ነው። የፈነዳው ጎማም እሱ የነፋው ነው። የበደለህ ሰው ድንገት ማሞገስ ከጀመረ ኪስህን ዳብስ።

መካኒኩ በቅጽል ስሙ ጆሮ ጠቢው ይባላል። በሰው ላይ አሳብቆ አያውቅም፤ የሚያሳብቀው በሞተር ላይ ነው። እንደ ክንድ የረዘመ ካቻቢቴ አለው። ጫፉን የሚሠራ ሞተር ላይ ይተክልና እጀታውን ከጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ያስደግፋል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ጋራዡም አብሮት ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ቀና ብሎ ያለቀውን ዕቃ ስም ይጠራል፦ «ኩሽኔታ» ወይም «ቺንጋ»፤ ይግባኝ የለም። ሐኪም ልቡን አዳምጦ «ጤነኛ ነህ» ሲለው «እስቲ ጆሮ ጠቢውም ይየኝ» ብሎ የመጣ ሹፌር እንደነበር ይነገራል።

ጎማው የፈነዳ ቀን ጎሚስታው ትናንት ስለተሳተች ጎል በሁለት እጁ እያስረዳ ነበር። ዓይኑ ኳሷ ጋ ነው፤ አየሩ ግን ሳይቆም ጎማው ውስጥ ይገባል። ጆሮ ጠቢው ደግሞ አጠገቡ አጎንብሶ ብሎን ያጠብቃል። ፈነዳ ቢባል ያንሰዋል፤ ሰማይ ወድቆ ነጥሮ ተመለሰ። የጣራው እርግቦች ሌላ አገር መኖር ጀመሩ። መካኒኩ ከወደቀበት ሲነሳ የሰዎቹ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ቆይቶ ድምፁ ተመለሰ። አብሮት ግን ያልተጋበዘ እንግዳ ገባ፦ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት።

ድሮም ግራይንደር ሲያስጮህ የዋለ ዕለት ጆሮው ውስጥ አንዲት ትንኝ የምታህል ነገር ታፏጭ ነበር፤ ተኝቶ ሲነሳ ትሄዳለች። የአሁኗ ግን ጓዟን ጠቅልላ ነው የገባችው። እሱ ይህን አላወቀም። ፉጨት ሰማ፤ ፉጨት ደግሞ ለእሱ ከሞተር እንጂ ከሌላ ከየትም አይመጣም።

መጀመሪያ የተያዘው «ቀስ በቀስ» ነው። ቀስ በቀስ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ስሙን ያገኘው እግረኞች ቀድመውት ሲያልፉ ሰላም ስለሚሉት ነው። የመጣው ዘይት ለመቀየር ብቻ ነበር። ጆሮ ጠቢው በልማዱ ካቻቢቴውን ተከለና ፊቱ ተለወጠ።

«ኩሽኔታ።»

«ኧረ በናትህ! ትናንት እኮ ደህና ነበረች!»

«የሞተ ሁሉ ትናንት ደህና ነበር።»

ኩሽኔታው ተቀየረ። ያፏጫል። ቺንጋው ተቀየረ። ያፏጫል። ዲናሞው ወረደ፣ የውሃ ፓምፑ ተከተለው። የታክሲዋ አንጀት ካርቶን ላይ ተዘርግቶ፣ ቀስ በቀስ በርጩማ ስቦ እንደ አስታማሚ አጠገቧ ተቀመጠ። ቤተሰቡን የሚያበላው በእሷ ነው፤ ቆማ በዋለች ቁጥር ድስቱም አብሯት ይቆማል።

እሁድ ከሰዓት ጆሮ ጠቢው ቤቱ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች። ድንገት ብድግ ብሎ ካቻቢቴውን አመጣና የስፌት መኪናዋ ላይ ተከለው።

«ታማለች» አላት።

«ይቺ ከኔ በላይ ጤነኛ ናት። አንተ ሰውዬ፣ ሥራህን ጋራዥ ተወው።»

አልተወም። ፍሪጁ ጋ ሄደ፤ ያፏጫል። ከሶኬቱ ነቀለው፤ ጠፍቶም ያፏጫል። የጠረጴዛው እግር ያፏጫል። ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ ተከለና ዞር ብሎ ሚስቱን አያት፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ግድግዳው… ያፏጫል።»

«እንግዲህ ኩሽኔታው ነዋ ያለቀው!» አለች መቀሷን ጣል አድርጋ። «ላም ባልዋለበት ኩበት የምትለቅመው እስከ መቼ ነው? አንሳው እስቲ ከግድግዳው!»

አነሳው። ካቻቢቴው አየር ላይ ነው፣ ምንም አልነካም። ፉጨቱ ግን አለ። ካቻቢቴውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አለ። ክው አለ። እዚያው ግድግዳው ሥር ተንሸራቶ ተቀመጠ።

«ታክሲዋ» አለ በመጨረሻ። «የቀስ በቀስ ታክሲ ምንም አልነበረባትም ማለት ነው።»

ጥጥ ፈልጎ ሁለቱንም ጆሮውን ጠቀጠቀ። ያን ጊዜ ባሰ። የውጭው ድምፅ ሲዘጋባት ፉጨቷ ባዶ ቤት እንዳገኘች ተከራይ ድምጿን ለቀቀችው።

ማግስቱን ሚስቱ ጎትታ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ፣ ማዳመጫ አድርጋለት፣ «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ» አለችው። ተጫነ። አልለቀቀም።

«ጌታዬ፣ ማሽኑን ገና አላበራሁትም።»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፤ ቀስ ብላ እንደ አዲስ መረመረችው። «ድምፁ ከውጭ አይደለም የሚመጣው» አለችው። «ፍንዳታው ጆሮዎን ጎድቶታል። የጎደለውን ድምፅ አእምሮ ራሱ ይሞላዋል።»

«ይለቀኛል?»

«አብዛኛውን ጊዜ በቀናትና በሳምንታት እየበረደ ይሄዳል። ጨርሶ ላይጠፋም ይችላል፤ ኃይለኛ ጩኸት ካገኘዎት ደግሞ እንደገና ይቀሰቀሳል። ስለዚህ ጩኸት ያለበት ሥራ ላይ የጆሮ መከለያ ያድርጉ። ጸጥታ ውስጥ ግን ያውልቁት፤ ቤት ውስጥ ጥጥ የሚባል ነገር እንዳላይ። ሲተኙ ቬንቲሌተር ይክፈቱ ወይም ሬዲዮ ዝቅ ያድርጉ፤ ፉጨቱ ብቻውን እንዳይነግሥ። ሲቀሰቀስም አይደንግጡ፤ ይበርዳል። ከሁሉ በላይ ግን አያዳምጡት።»

«ምን አልሽ… ምን አሉኝ?»

«አለ ወይስ ሄደ እያሉ አይፈትሹት። ባዳመጡት ቁጥር አእምሮዎ ቁም ነገር ይመስለዋል።»

በማዳመጥ እንጀራውን ለበላ ሰው «አታዳምጥ» ማለት ዓሣን ከመዋኘት ተቆጠብ እንደማለት ነው። ከክሊኒኩ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ አፉን አልዘጋም። «ይህን ካወቁ ማን መኪና ያመጣልኛል?» አላት ሚስቱን። «ጆሮዬን ብለው ነው የሚመጡት። ዝም ብል ደግሞ የስንቱን ጤነኛ ሞተር ልበታትን ነው?»

እሷ አንድ ሱቅ ገብታ የጆሮ መከለያ ገዛች። አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለትና ወደ ጋራዡ ገፋ አደረገችው።

ጋራዡ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ ደርቆ ቀረ። መኪና እስከ መታጠፊያው ተሰልፏል። ከድልድዩ ማዶ የመጡ አሉ። አንዱ ጄኔሬተር ተሸክሟል፤ ሌላው «ጉልበቷ ይንቋቋል» ብሎ አማቱን ይዞ መጥቷል። ጎሚስታው መሀል ቆሞ ሰልፍ ያስይዛል።

«ተራ በተራ! አትጋፉ! ጆሮውን ታደክሙታላችሁ!» ከዚያ መካኒኩን ጠጋ ብሎ፦ «ዝም በል ወንድሜ። ዕድልህ በጎማ መጣልህ።»

ቀስ በቀስ ከበርጩማው ተነሳ። ፂሙን አልተላጨም። «ጆሮ ጠቢ፣ አንድ ቃል ብቻ ስጠኝ። ሞተሩ አይረባም ካልከኝ ዛሬውኑ አውጥቼ ለብረታ ብረት ነጋዴ እሰጠዋለሁ። ያንተን ቃል ነው የማምነው።»

መካኒኩ ወደ ታክሲዋ ሄደ። ቱታውን ለብሶ ካርቶኑ ላይ የተዘረጋውን አንጀት አንድ በአንድ መልሶ መግጠም ጀመረ። መሀል ላይ ትዕግሥቱ ያለቀ የከባድ መኪና ሹፌር ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ፉጨቷም እንደ ተቆነጠጠች ብድግ አለች። መከለያውን ጆሮው ላይ ጫነ፤ ጥሩምባው እስኪያበቃ ጠበቀ፤ አወለቀ። እጁ ወደ ካቻቢቴው ሄደና መንገድ ላይ ተመለሰ። አልፈተሸም። የጋራዡን ሬዲዮ ለስለስ አድርጎ ከፈተና ብሎኑን ቀጠለ።

ጨርሶ ሬዲዮኑን ዘጋና ሞተሩን አስነሳ። ካቻቢቴውን ለቀስ በቀስ አቀበለው።

«አዳምጥ።»

«እኔ?»

«አንተ።»

ቀስ በቀስ እንደ ስሙ ቀስ ብሎ አጎነበሰ። ሰልፈኛው ትንፋሹን ያዘ፤ የአማትየዋ ጉልበት እንኳ መንቋቋቱን አቆመ።

«ትር ትር ትር ይላል» አለ። «እንደ ድሮው።»

«ፉጨት አለው?»

«የምን ፉጨት? ምንም የለውም!»

ጎሚስታው እጁን ወደ ላይ ወረወረ። «አያችሁ? አያችሁ ወይ? አሁን ደግሞ በሌላ ሰው ጆሮ መስማት ጀመረ!»

ሰልፉ አጨበጨበ። ወሬው አዲስ ልብስ ለብሶ ወደ ድልድዩ ሊነሳ ነው። ጆሮ ጠቢው የፈነዳው ጎማ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ጭብጨባው እስኪበርድም አልጠበቀም።

«ውሸት ነው!» አለ። «ጆሮዬ አልተከፈተም፤ ይሄ ሰውዬ ባፈነዳው ጎማ ተጎዳ እንጂ! የጠፋ ሞተር አይሰማኝም፣ የሦስት መንገዱም አይሰማኝም። የሚያፏጨው የራሴ ጆሮ ነው። የቀስ በቀስን ታክሲ ጤነኛዋን ነው የበታተንኩት። ከዛሬ ጀምሮ የመኪናውን ድምፅ አብሮኝ የማያዳምጥ ባለመኪና መኪናውን ይዞ ይሂድ። የአንቺም ጉልበት፣ እናቴ፣ በኔ አይታይም!»