ማጅራት ላይ የሚያርፍ እራፊ

የስፌት ቤቱን አለቃ ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «መቀስ»። ስሙ የወጣላት ለእጇ ሳይሆን ለምላሷ ነው። ክፉ ግን አይደለችም። እንዲያውም በደግነቷ የምትኮራ ሴት ነበረች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ኩራት ነው።

የኩራቷ ዋና ምስክር «ዝምተኛዋ» የሚሏት ሰፊ ናት። ዝምተኛዋ ጆሮዋ አይሰማም፤ የሚያናግራትን ሰው ከንፈር አይታ ነው የምትረዳው። የስፌት ቤቱ ባለቤት «የማትሰማ ሴት ማሽን ላይ አስቀምጬ ጣጣ አላመጣም» ሲል፣ «ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን» ብላ ያስቀጠረቻት መቀስ ነበረች። ይህንንም ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ ስታወራ ኖራለች። ማሽኗን ግን ከጥግ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው ያስቀመጠችላት። ቦታ ጠቦ እንጂ ለክፋት አልነበረም።

እንግዲህ ጀርባውን የሰጠና የማይሰማ ሰው እንዴት ይጠራል? መቀስ ዘዴ አላጣችም። ከወለሉ ላይ እራፊ ታነሳለች፣ ታድቦለቡለዋለች፣ ትወረውራለች። ዝምተኛዋ ትዞራለች፤ ሥራው ይቀጥላል። ቀስ በቀስ ሁሉም ለመደው። እጅጌ የምትገጥመዋም፣ ቁልፍ የምትተክለዋም፣ ካውያ ላይ የሚውለው ሰውዬም ይወረውሩ ጀመር። ማጅራቷን የመታ «ጎል!» ይባልለታል፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ዝምተኛዋም ዞር ብላ ፈገግ ትላለች። እሷ ፈገግ ካለች ሌላው ምን አገባው? መቀስ ከዚያ አልፋ አስባ አታውቅም።

አንድ ሰሞን ዝምተኛዋ ታማ ከሥራ ቀረች። መቀስ ብርቱካን ገዝታ ልትጠይቃት ሄደች። በሩን የከፈቱላት የዝምተኛዋ እናት ነበሩ።

«አንቺ ነሽ አለቃዋ?» አሉ ሁለት እጇን ይዘው። «ተባረኪ፣ ልጄ! ስላንቺ የማትነግረን ነገር የለም። ግቢ፣ ግቢ፤ ዛሬስ ተሽሏታል።»

መቀስ ደረቷን ነፍታ ገባች። ዝምተኛዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ልብስ ታጥፋለች። ትልቋ ልጇ አጠገቧ ናት። መቀስ ስታያት ደስ አላት። ደስ ሲላት ደግሞ፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ እጇ ከራሷ ቀደመ። ከታጠበው ልብስ ካልሲ አነሳች፣ አድቦለቦለች፣ ወረወረች። ካልሲው የዝምተኛዋ ማጅራት ላይ አረፈ።

ዝምተኛዋ በዚያው በለመደችው ፈገግታ ዞረች። ከዚያ የት እንዳለች ትዝ አላት። ልጇን አየች፣ እናቷን አየች፣ ፈገግታው ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«እማዬ እንደዚህ አይደለም ያለችን» አለች ልጅቷ። «እናንተ ጋ ሰው ሲፈልጋት ፊት ለፊቷ መጥቶ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ነው የሚያናግራት ብላናለች።»

ዝምተኛዋ እጆቿን አወናጨፈች። ልጅቷ ፊቷን ሳትፈታ ተረጎመች፦ «ቀልድ ነው፣ እትዬ ቀልደኛ ናት፣ ነው የምትለው።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ካልሲውን አነሱ። «ልጅ ሳለች የሰፈሩ ዱርዬ ሲጠራት ድንጋይ ነበር የሚወረውርባት» አሉ ቀስ ብለው። «ካልሲ ይሻላል። ተቀመጪ እንጂ።»

መቀስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያ እንደ ስለት የሚቆርጥ ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣበቀ። ያቺ ሴት ቤቷ ውስጥ እንድትከበርበት የፈጠረችውን የሥራ ቦታ በአንድ ካልሲ አፍርሳባታለች። ይባስ ብሎ አሁንም ለእሷ ስትል የምትዋሸው ዝምተኛዋ ናት። ብርቱካኑን እንደያዘች ወጥታ፣ መንገድ ላይ ትዝ ቢላት ተመልሳ ለመስጠት እንኳ ፊት አጣች።

ዝምተኛዋ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ጠዋት ማሽኗ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ ጠበቃት። መቀስ ብቻዋን እየገፋች ነው ያዞረችው። ሠራተኞቹንም ሰብስባ «ከዛሬ ጀምሮ እራፊ ሲወረውር ያየሁትን፣ ወዮለት!» አለች።

«አስጀማሪያችን አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ እትዬ?» አለ የካውያው ሰውዬ።

መቀስ ጠረጴዛዋ ላይ ጨርቅ መዘርጋት ጀመረች።

ረፋዱ ላይ መቀስ ጨርቅ ለመቁረጥ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ ሳለ፣ ማጅራቷ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። እራፊ ነው። ከኋላዋ አንዷ አመለጣትና «ጎል!» አለች፣ ቤቱ ሳቀ። መቀስ ዞር ስትል ፈገግ ብላ ራሷን አገኘችው። ደስ ብሏት አልነበረም። ሰው ሁሉ እያያት ሌላ የምታደርገው ስላጣች ነው።

ያን ፈገግታ አወቀችው። ስንት ዘመን ስታየው የኖረችው እሱኑ ነበር።

የወረወረችው ዝምተኛዋ ናት፤ አልሳቀችም። ክር ያለቀበትን ባዶ ማጠንጠኛ ከፍ አድርጋ አሳየቻት። መቀስ ነጭ ክር ከመደርደሪያው አወረደች፣ በማሽኖቹ መሃል አልፋ ሄደች፣ ፊት ለፊቷ ቆመችና ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ይቅር በይኝ» አለች፣ ከንፈሯን ቀስ አድርጋ እያንቀሳቀሰች።

ዝምተኛዋ ከንፈሯን እስከ መጨረሻው አየች። ክሩን ተቀበለቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።