ማህፀኔ የቆየልኝ ዓመታት

መጀመሪያ ያየሁት ጠብታ ደም ነው። የወር አበባዬ ከሄደ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ከባሌ ጋር ባደርን ማግስት የውስጥ ልብሴ ላይ አየሁት። አላመመኝም። ብርድ ነው አልኩ። እኛ ሰፈር ማህፀንን የሚነካ ነገር ሁሉ ብርድ ነው። ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁና ሾላ ገበያ ወዳለችው ጠባብ የባልትና ሱቄ፣ ወደ በርበሬዬና ወደ ሽሮዬ ሄድኩ። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ፣ መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖን ልጅ አልወለድንም፤ እኔ ደግሞ ልጅ እፈልግ ነበር፣ በጣም።

ደሙ በየሳምንቱ ብቅ ማለት ሲጀምር ያስጨነቀኝ ሕመሙ ሳይሆን እሑድ ነው። ደም ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ግቢው ውስጥ ቆማ ታስቀድሳለች። የካ ሚካኤል ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ስቆም የሚያዩኝ የአማቴ ማኅበርተኞች ናቸው። እነሱ ደግሞ ቆጠራ ያውቃሉ፤ ውጭ የቆመች ምራት አላረገዘችም ማለት ነው። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን "ዛሬም ውጭ ነሽ?" ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሐኪም ቤት መሄድ ሲገባኝ ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ። ማንም ወደማያውቀኝ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ታክሲ እየቀያየርኩ አምስት ወር ወጣሁ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሞኝነቶች ይህን የሚያህል የለም።

እዚያም ግን የሚያይ ሰው አልጠፋም። በየእሑዱ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ዳዊት የሚደግሙ አንዲት መነኩሲት አንድ ቀን በእጃቸው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አራት እሑድ ሙሉ ውጭ ነሽ። የሴት ወር እንዲህ ነው እንዴ?"

"ብርድ ነው እማሆይ። ሲቆምልኝ ጠበል እገባለሁ።"

"ጠበሉ የትም አይሄድም። አንቺ መጀመሪያ ታከሚ። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው።"

ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለማላውቃቸው ሴት ነገርኩና አለቀስኩ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ነርሷ የማህፀን በሬን ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ቀባችው። አንድ ቦታ ነጣ። ሐኪም ጠራች። ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ፤ ባዮፕሲ ይሉታል። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነው።

"ጅምር ነው፤ ማህፀንሽን እናወጣዋለን፣ ትድኛለሽ" አለኝ ሐኪሙ። እሺ አልኩ። ሐኪም ፊት ጥያቄ ማብዛት ድፍረት ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

ባሌ ደረጀ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። በቃ ልጅ ላንወልድ ነዋ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የተባልኩትን ስነግረው "ሌላ መንገድ የለም ወይ ብለሽ ጠየቅሽ?" አለኝ።

"አልጠየቅሁም።"

"አንድ ኩንታል ዛላ በርበሬ ለመግዛት ስንት ነጋዴ ጋ የምትዞሪ ሴትዮ፣ ለዚህ አንድ ሰው ሰምተሽ ልትመለሺ ነው?"

ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ።

ውጤቱን ይዘን ሌላ ሆስፒታል የሚሠሩ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በዚህኛው ጠየቅሁ። "ልጅ እፈልጋለሁ፤ ሌላ መንገድ አለ?" አልኳቸው።

"ሊኖር ይችላል" አሉኝ። "የገባው ጥልቀት ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ወደ ደም ሥርም አልዘለቀም። ከማህፀን በርሽ የታመመውን ጫፍ በሾጣጣ ቅርጽ ቆርጬ አወጣለሁ። ኮናይዜሽን ይባላል። የተቆረጠው ሥጋ ዳሩ ንጹሕ ከሆነ፣ ካንሰር ካልነካው፣ ማህፀንሽ ይቆያል። ካልሆነ ግን ቀድሞ ወደተነገረሽ እንመለሳለን። ቃል አልገባልሽም።"

ቃል ባለመግባታቸው ነው ያመንኳቸው።

ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ብዙም አልቆየም። በሁለተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተብያለሁ። በዘጠነኛው ቀን ሱቅ ሄጄ የበርበሬ ጆንያ አነሳሁ። ደሙ እግሬ ላይ ወረደ። በታክሲ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ጎዝ ጠቅጥቀው አቆሙት። ሐኪሟ ተቆጡኝ። ልክ ናቸው።

ከዚያ የላቦራቶሪውን ውጤት መጠበቅ። ሦስት ሳምንት። እህል አልበላ አለኝ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ገና ሳልቀመጥ "ዳሩ ንጹሕ ነው" አሉኝ። ድገሙልኝ አልኳቸው። ደገሙልኝ።

ከዚያ በኋላ ሕይወት ቀስ እያለች ተመለሰች፤ መብራት በማይኖርበት ቀን ወፍጮ ስለማይሠራ ክትትሌን በዚያ ቀን እያደረግሁ፣ በየጥቂት ወሩ ናሙና እየሰጠሁ፣ እርግዝና የተፈቀደልኝ ጊዜ እስኪደርስ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። ባረገዝኩ ጊዜ፣ የማህፀን በሬ ስላጠረ ሕፃኑን ላይሸከም ይችላል ተብሎ በአራተኛው ወር በክር ሰፉልኝ፤ ሰርክላጅ ይሉታል። ተኚ ተባልኩ፣ ተኛሁ። አማቴ ያኔ ነው ሁሉንም የሰሙት። "እኔን ፈርተሽ ነው አምስት ወር የደበቅሽው?" ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ሱቄን ያዙልኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሸጡ። ሴት ልጄ ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድማ በኦፕራሲዮን ተወለደች፤ ትንሽ ነበረች፣ ጩኸቷ ግን ዎርዱን አዳረሰው።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ከግንኙነት በኋላም ሆነ በወር መሐል ደም ካየሽ ብርድ ነው ብለሽ አትለፊው። ምንም ባይታይሽም ተመርመሪ፤ የእኔ በሽታ በአምስት ወር መዘግየቴ ያልገፋው በእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ በብልሃቴ አይደለም። ሐኪምሽን ጠይቂ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ደግሞም የእኔ መንገድ ለሁሉ አይሆንም። ዎርድ ውስጥ አብረውኝ ከተኙት ካንሰሩ የጠለቀባቸው ነበሩ፤ እነሱ ማህፀናቸውን ሰጥተው ነፍሳቸውን አተረፉ፣ ደግ አደረጉ። እማሆይን፣ ደረጀን፣ አማቴን፣ ሐኪሜን አመስግኜ አልጠግብም።

ልጄ አራት ዓመት ሲሆናት በክትትሉ ላይ የተለወጡ ሴሎች ታዩ። ካንሰር አልነበረም፤ ሊሆን ግን ይችል ነበር። ሐኪሟ እንደገና መቁረጥም ማውጣትም እንደሚቻል አስረዱኝ። ብዙ ጠየቅሁ፤ መለሱልኝ። በመጨረሻ "ይውጣ" አልኩ፣ እኔው ራሴ።

ማህፀኔ በወጣ ማግስት ሐኪሟ አልጋዬ ድረስ መጥተው "አዘንሽበት?" አሉኝ።

"ለምን አዝንበታለሁ? ልጄን ሰጥቶኝ ነው የሄደው" አልኳቸው።