የተላጠው ፊት

የልጅ ልጆቼ አምሽተው በስልክ የተነሱትን ፎቶ ሲያሳዩኝ ያቅለሸልሸኛል። ስልኩ በደብዛዛ ብርሃን የመጣውን ነጠብጣብ ሁሉ አጥፍቶ ፊታቸውን የተላጠ ድንች ያስመስለዋል። «ጥርት አለ አይደል?» ይሉኛል። ጥርት አላለም፤ ተፍቋል። ይህን ነገር በደርግ ጊዜ እዚሁ አዳማ አይቼዋለሁ፤ ያኔም አስጠልቶኛል።

ያኔ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። ፎቶ ማንሳት ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ የተበላሸ ካሜራ ፈታትቼና መልሼ ገጥሜ ራሴን አስተማርኩ። የፍላሽ ባትሪ ከገበያ ሲጠፋ ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ሠርግ አንሄድም ይሉ ነበር። እኔ ግን ትንሽ ብርሃን የሚበቃውን ፊልም አስገብቼ አንድ አምፖል በተንጠለጠለበት ድንኳን ውስጥ አነሳ ነበር። የዚህ ፊልም ጣጣው ነጠብጣቡ ነው፤ ፎቶው ላይ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። ማጠቢያው መድኃኒት ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል፤ የናዝሬት ውሃ ከቧንቧው ለብ ብሎ ነው የሚወጣው። እኔ ከሆቴል በረዶ እያመጣሁ አቀዘቅዘው ነበር። ከሞጆ እስከ መቂ ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም።

አንድ የአሰብ መንገድ ሹፌር መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ፎቶ የማይወድ ሰው ነበር። ያለው ፎቶ የእህቱ ሠርግ ላይ ሳያስበው ያነሳሁት ብቻ ነው። አስከሬኑ እዚያው በረሃ ስለተቀበረ እናቱ ፊቱን ሳያዩ ቀሩ። በአርባው ፎቶውን ድንኳን ውስጥ አቁመው ሊያለቅሱበት ፈለጉ። እህቱ ግን ፎቶውን ዋናው መንገድ ላይ ትልቅ መስታወት ወዳለው ፎቶ ቤት ወሰደችው።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አጎላውና ነጠብጣቡን በብሩሽ ቀለም ደፈነው። አብሮም የቅንድቡን ጠባሳ፣ ከዓይኑ ሥር ያለውን ሽብሽብ፣ ያልተላጨውን ጺም ደፈነ። ከንፈሩን ቀላ አደረገው። እናቱ አይተው «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉና ጨርቅ ጣል አደረጉበት።

አርባው ሊደርስ ሲል እህቱ ይዛው መጣች። «ጋሼ፣ እናቴ በዚህ አላለቅስም አለች።»

ፎቶውን ይዤ ባለ ፎቶ ቤቱ ዘንድ ሄድኩና ባንኮው ላይ ጣልኩለት።

«ሟቹን ምን በድሎህ ነው የላጥከው?»

«አጸዳሁት እንጂ። ያንተ ፎቶ በወንፊት ቢነፋ ግማሽ ኩንታል አሸዋ ይወጣዋል።»

«ያንተ ደግሞ ቢጨመቅ ቅቤ ይወጣዋል» ብዬው ወጣሁ።

ኔጋቲቩ እኔ ዘንድ ነበር። ጨለማ ክፍል ገብቼ የሚስቴን ስስ የናይለን ካልሲ በፎቶ ማጉያው ሌንስ ፊት ወጠርኩ። ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ጥቂት እንዳረፈ ካልሲውን አነሳሁት፤ የቀረውን ያለ ካልሲ አስጨረስኩ። እንዲህ ሲሆን ነጠብጣቡ ይለዝባል፣ ጠባሳው ግን ይቀራል። ካልሲውን እስከ መጨረሻው ብተወው እኔም ላጭ እሆን ነበር። መቼ እንደሚነሳ የሚያውቀው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ የእኔ ነው።

ፎቶውን ራሴ ወሰድኩላቸው። «እማማ፣ ይዩት እስቲ» አልኳቸው።

ወደ ብርሃን አዞሩት። ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ጉንጩን ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«አይለቅም እማማ፣ የፊልሙ ነው።»

«ተወው ልጄ። ከአሰብ ሲመጣ እንዲሁ አቧራ ለብሶ ነበር የሚገባው» አሉና ድንኳኑ ሳይተከል እዚያው ማልቀስ ጀመሩ።

ያን ሁሉ ጥበቤን አቧራ ማለታቸው ትንሽ ከንክኖኛል። የባሰ ያስጠላኝ ግን ባለ ፎቶ ቤቱ ነው። የተላጠውን ፊት ክፈፍ አስገብቶ መስታወቱ ላይ ለማስታወቂያ ሰቀለው። ከንፈሩ በፀሐይ እስኪገረጣ እዚያው ቆየ። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ በፊቱ ያልፉ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም።