እናቴ የፈለገችው ቆብ

እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ቆብ ያስፈልገኛል» ስትለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከራቤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ቀያችን ከእሷ ጋር የቀረችው ታናሽ እህቴ ናት። ገብሱን የምታሳጭድ እሷ፤ እናታችን ስትታመም ከጎኗ የምታድር እሷ። እኔ ደብረ ብርሃን ቢሮ ተቀምጬ ስኳርና መድኃኒት እልካለሁ። እናቴ አንድ ነገር ከእኔ በፈለገች ቁጥር እህቴን የቀደምኳት ይመስለኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለብርዱ መስሎኝ ነበር። እኛ አገር ከበግ ጠጉር የሚሠራውንም ቆብ እንለዋለን። ገበያ ዞሬ ጆሮ የሚሸፍን፣ ገበር ያለው ቡናማ ቆብ መረጥኩ። እህቴ እንዲህ ያለውን ከየት ታመጣዋለች እያልኩ መኪና ተሳፈርኩ።

ስደርስ እህቴ ደጃፍ ተቀምጣ ነጭ ጨርቅ ትሰፋለች። ትንሽ፣ ክብ ቆብ ነው።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የእማዬ ነዋ። እሑድ ትመነኩሳለች» አለች፣ ቀና ሳትል።

እናቴ ለካ ነግራኝ ኖሯል። በአንዲት ቃል ነግራኛለች፤ እኔ ያልገባኝ ለእህቴ ገብቷታል። ያመጣሁትን ቆብ እንደያዝኩ ወደ ውስጥ ገባሁ።

የንስሐ አባታችን ከእናቴ ጋር ተቀምጠዋል። በእጄ የያዝኩትን አይተው ነገሩ ገባቸው።

«አይክፋሽ» አሉኝ። «ግእዙ ቆብዕ ይለዋል፤ የመነኮሳት ነው። ብርዱ ሲጠናብን የበግ ጠጉሩንም በዚያው ስም ጠራነው። ያንቺም ቆብ ነው፣ ስሙን ተውሶ።»

ሊያጽናኑኝ ብለው ነበር። እኔ የሰማሁት ግን «ተውሶ» የምትለዋን ብቻ ነው።

እናቴ ቆቡን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። «እሰይ፣ እንዴት ይሞቃል! ለእህትሽ ስጫት። ማለዳ ስትወጣ ጆሮዋን ይበርዳታል።»

ሰጠኋት። እጄ ግን ቶሎ አልለቀቀም።

ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ጋር ገብስ ስናበጥር «ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት።

«እማዬ ስትደውልልሽ አጠገቧ ነበርኩ። እንዳልገባሽ አውቄያለሁ» አለችኝ። ሰፌዱን አስቀመጠች። «አንቺ ስትመጪ በግ ይታረዳል። በሌለሽበት ደግሞ ወሬዋ ሁሉ አንቺ ነሽ። አንድ ነገር እንኳ ለእኔ ብቻ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።»

እንባዋ ወረደ። ማዘን ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ አለኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እናቴ ለዓለም ሞታለችና፣ እንደ ሙት ፍትሐት ተፈታላት፣ ቆቡም ተባርኮ ራሷ ላይ ተደረገ። ስትወጣ እህቴ ቀድማ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «እማሆይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት!»

እኔም እንደ እሷ ልል ነበር። ምላሴ እምቢ አለኝና «እማዬ» የሚለው አምልጦኝ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ወዬ» አለችኝ እናቴ።

እህቴ ፊቷን አዞረች።